ካሜራው በራስ ቁር፣ ዐይን በመንገዱ፦ በፈረስ ሲጓዙ ቪዲዮ ለመቅረጽ ማወቅ የሚገባ

እንጅባራ፦ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ፈረስ የሥራም የክብርም አጋር ነው። አርሶ አደሩ ያርስበታል፣ ገበያ ይሄድበታል፣ ሙሽራ ያጅብበታል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ይደምቅበታል። በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ማኅበር ፈረሶች በዓድዋ ድል የነበራቸውን ውለታ እየዘከረ ዛሬ ላይ ደርሷል።

ዛሬ ፈረሰኛው በኮርቻ ላይ ሆኖ የሚያየውን ለሌላው ማሳየት ይሻል። በእጅ ስልክ ይዞ እየጋለቡ መቅረጽ ግን አንድ እጅን ከልጓም ይነጥቃል። በዚህም ምክንያት በራስ ቁር ወይም በደረት ላይ የሚታሰሩ ጥቃቅን ካሜራዎች ተመራጭ እየሆኑ ነው። እነዚህ ካሜራዎች ሁለቱንም እጅ ነጻ ያደርጋሉ፤ ጉዞውንም ፈረሰኛው ባየበት ዐይን መልሰው ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ ጠንካራ ነገር በራስ ላይ አስሮ፣ የራሱ ፈቃድና ፍርሃት ባለው እንስሳ ላይ መቀመጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአግባቡ ያልታሰረ ካሜራ ራስን ሊጎዳ፣ ፈረስን ሊያስደነብር፣ የፈረሰኛውንም ሐሳብ ከመንገዱ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የመሣሪያው አጠቃቀም ከሁሉ በፊት በአንድ መርሕ ይመራል፦ መጀመሪያ ራስ፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ከዚያ ካሜራ።

የራስ ቁር የተሠራው ራስን ለማዳን ነው

የፈረስ ግልቢያ የራስ ቁር (ሄልሜት) ውጫዊ ቅርፊት ለስላሳና ክብ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። ፈረሰኛው ሲወድቅ ቁሩ መሬት ላይ ተንሸራትቶ የምቱን ኃይል በሰፊው እንዲበትን ነው። ከላዩ ላይ ጎልቶ የወጣ ካሜራ ግን በድንጋይ ወይም በቅርንጫፍ ሊያዝ፣ የምቱንም ኃይል በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ሊሰበስብ ይችላል።

ጉዳዩ ዓለምን ያነጋገረው የቀድሞው የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሚካኤል ሹማከር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 በፈረንሳይ ሜሪቤል በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ ራሱን በአለት ከተመታ በኋላ ነው። በዕለቱ ቁሩ ላይ ካሜራ ነበር፤ መርማሪዎችም ቀረጻውን ተመልክተዋል። ካሜራው ጉዳቱን አባብሷል የሚለው ግምት በይፋ ባይረጋገጥም ጥያቄው ወደ ፈረስ ስፖርትም ተሻገረ። በብሪታንያ መሰናክል ዝላይንና የሜዳ ግልቢያን ያካተተውን የኢቨንቲንግ ውድድር የሚመራው ተቋም በ2014 ተወዳዳሪዎች በቁራቸው ላይ ካሜራ እንዳያስሩ ከልክሏል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በእርጋታና በሶምሶማ ለሚደረግ ጉዞ ካሜራን በቁር ላይ ማሰር የሚቻል ቢሆንም፣ ለሽምጥ ግልቢያ፣ ለጉግስና ለዝላይ ግን አይመከርም። በእነዚህ ጊዜያት ዳር የቆመ ባልደረባ ቢቀርጽ ምስሉም ያምራል፣ ራስም ይድናል።

ቁሩን በራሱ አለመነካካትም ያስፈልጋል። ካሜራ ለመያዝ ሲባል ቁርን በመሰርሰሪያ መብሳት፣ በሚስማር መምታት ወይም በኃይለኛ ሙጫ መለጠፍ ቅርፊቱን ያዳክማል። ቤንዚንና ቀለም ማስለቀቂያን የመሳሰሉ ፈሳሾችም እንዲሁ ፕላስቲኩን ይጎዳሉ። የሚለጠፍበትን ቦታ በለብታ ውኃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ ይበቃል።

በገጠር መንገድ የሚጓዝ አብዛኛው ሰው የራስ ቁር እንደማያደርግ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለው ፈረሰኛ ካሜራን በባርኔጣ፣ በሻሽ ወይም በባዶ ራስ ላይ በማሰሪያ ማሰር የለበትም። በመጀመሪያ ቁር ቢያገኝ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን ካሜራውን በደረቱ ላይ ማድረግ ይሻለዋል። የሞተር ብስክሌት ቁር ደግሞ ለሌላ ዓይነት አደጋ የተሠራ፣ ከበድ ያለና ጆሮን የሚሸፍን በመሆኑ የፈረሱን ኮቴና የአካባቢውን ድምፅ ከማዳመጥ ያግዳል።

የት ይታሰር? እንዴትስ ይታሰር?

አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ካሜራዎች ከ100 እስከ 160 ግራም ይመዝናሉ። ክብደቱ በእጅ ሲያዝ ቀላል ቢመስልም በቁር አናት ላይ ሲቀመጥ በእያንዳንዱ የፈረስ እርምጃ አንገትን ይጎትታል። ከአናት ይልቅ ዝቅ ብሎ በግንባር በኩል ወይም በጎን ማሰር ክብደቱን ወደ ራስ ያስጠጋል፤ በቅርንጫፍ የመያዝ ዕድሉንም ይቀንሳል። በተለይ በዲከረንስና በቀርከሃ ተክል መካከል በሚያልፉ ጠባብ መንገዶች በአናት ላይ የታሰረ ካሜራ ፈረሰኛው ጎንበስ ብሎ ያለፈውን ቅርንጫፍ ላያልፈው ይችላል።

የማሰሪያ ዓይነቶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው በማጣበቂያ የሚለጠፍ መያዣ ነው። ይህ በጠንካራ ምት ጊዜ ከቁሩ ተላቆ የመውደቅ ዕድል ስላለው ለራስ የተሻለ ነው። መያዣው ለጥ ያለ ወይም ጎበጥ ያለ ሊሆን ስለሚችል ከቁሩ ቅርጽ ጋር የሚገጥመውን መምረጥ፣ ከለጠፉም በኋላ ሳይጠቀሙበት 24 ሰዓት ማቆየት ይገባል። ሁለተኛው በቁሩ የአየር ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያልፍ ጨርቅ ማሰሪያ ነው። ይህኛው በቀላሉ ስለማይላቀቅ በቅርንጫፍ ከተያዘ ራስን አብሮ ይጎትታል። ካሜራው እንዳይጠፋ ተብሎ በማይበጠስ ሲባጎ ከቁሩ ጋር መቋጠርም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ካሜራ ቢጠፋ ይተካል።

የደረት ማሰሪያ አንገትን አያደክምም፤ ምስሉም ይረጋል። ሆኖም ፈረሰኛው ወደ ፊት ካጎነበሰ የፈረሱ አንገት ሌንሱን ይጋርዳል፤ ወደ ፊት ከወደቀም ካሜራው ደረትን ሊጎዳ ይችላል። ጋቢ ወይም ካባ የለበሰ ፈረሰኛ ደግሞ ጨርቁ በነፋስ ተነሥቶ ካሜራውን እንዳይሸፍን በሚገባ መሰብሰብ ይኖርበታል። ካሜራን በኮርቻ ላይ ማሰር ብዙም አያዋጣም፤ የፈረሱን ርግጫ ሁሉ ስለሚቀበል ምስሉ ይርገበገባል።

የሌንሱ አቅጣጫ የሚስተካከለው መሬት ላይ ቆመው ሳይሆን በኮርቻ ላይ ተቀምጠው ነው። ፈረሱን ረዳት ይዞት ፈረሰኛው እንደ ወትሮው ከ15 እስከ 20 ሜትር ርቀት ወደ ፊት ይመልከት፤ ረዳቱም ሌንሱን ያስተካክል። ጥሩ ምስል የሚባለው የፈረሱ ሁለት ጆሮዎች ከታች፣ መንገዱ ከመካከል፣ ሰማዩ ደግሞ ከላይ በጥቂቱ ሲታዩ ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል በእርምጃ ሄዶ፣ ቆሞ፣ ቀረጻውን ማየት ያስፈልጋል። ይህች አንዲት ደቂቃ ከጉዞ በኋላ ሰማይ ብቻ ወይም የፈረስ ጋማ ብቻ የሞላበት ቪዲዮ ከማግኘት ታድናለች።

ፈረሱም ካሜራውን ይወቀው

የፈረስ ዐይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ጥቂት ቦታና ከጅራቱ በስተጀርባ ያለውን ነው። በመሆኑም በጀርባው ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ድንገት ወደ ራሱ ሲያነሣ ፈረሱ ጥላ የመሰለ እንቅስቃሴ ከላዩ ያያል። የመስማት ችሎታውም ከሰው ይበልጣል፤ የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ገደማ የሚሰማ ሲሆን ፈረስ እስከ 33 ሺህ ኸርዝ ይሰማል። ካሜራው ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሰማው ስል የ«ጢጥ» ድምፅ ለደንባራ ፈረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ማለማመዱ ደረጃ በደረጃ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን ካሜራው ተዘግቶ፣ ፈረሱ እንዲያሸተውና እንዲያየው ይደረግ። በሚቀጥለው ቀን መሬት ላይ ሆነው እየከፈቱና እየዘጉ ድምፁን ያሰሙት፤ ቁሩንም አድርገው እጃቸውን ወደ ራሳቸው ደጋግመው ያንሡ። ፈረሱ ጆሮውን አላልቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከቆመ ተለማምዷል ማለት ነው። ከዚያም በታጠረ ቦታ ተቀምጠውበት፣ በመጨረሻም በሚያውቀው አጭር መንገድ ይሞከር። አዲስ ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታሰርበት ቀን የበዓል ቀን ሊሆን አይገባም፤ ከበሮ፣ ሆታና በርካታ ፈረሶች ባሉበት ስፍራ አንድ ፈረስ ሲደነብር ሌሎቹም ይከተሉታል።

እግር ከእርካብ ሳይገባ

ካሜራን በተመለከተ መደረግ ያለበት ሁሉ ፈረስ ላይ ከመውጣት በፊት ይጠናቀቅ። የ«ጢጥ» ድምፁና ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ከካሜራው ማስተካከያ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ይዘጉ። የምስል ማረጋጊያው ግን ይከፈት፤ በተለይ በሶምሶማ ጊዜ የሚኖረውን መናጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ማረጋጊያው በደንብ የሚሠራው በቂ ብርሃን ሲኖር እንደሆነ መገንዘብ ይጠቅማል። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ወይም ከመሸ በኋላ ምስሉ መደብዘዙ አይቀርም።

በጥራት ረገድ በስልክ ለሚታይ ቪዲዮ 1080 ፒ፣ በሰከንድ 30 ወይም 60 ምስል ይበቃል። ፎር ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ካርድንም ባትሪንም ቶሎ ይጨርሳል። ለአብነት በሰከንድ 60 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 27 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 64 ጊጋ ባይት ካርድ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ፍጥነቱ ወደ 30 ሜጋ ቢት ሲወርድ ያው ካርድ ከአራት ሰዓት በላይ ያገለግላል።

ካርድ ሲገዙ «ቪ 30» የሚል ምልክት ያለውን መምረጥ ጠቃሚ ነው፤ ምልክቱ ካርዱ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋ ባይት ሳያቋርጥ መጻፍ እንደሚችል ያመለክታል። በገበያ ላይ ከተጻፈባቸው መጠን በታች የሚይዙ የማስመሰል ካርዶች ስላሉ፣ አዲስ ካርድን ከጉዞ በፊት እስኪሞላ ቀርጾ ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ መፈተሽ ብልህነት ነው።

ካሜራው ከተከፈተ በኋላ ፈረሰኛው የፈረሱን የኮርቻ ጠፍር፣ እርካቡንና ልጓሙን ይመርምር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑ ምክንያት አለው፤ ከመውጣት በፊት የመጨረሻው ሐሳብ ስለ ፈረሱ እንጂ ስለ ካሜራው መሆን የለበትም።

በመንገድ ላይ

ፈረስ እየሄደ የካሜራ ቁልፍ አይነካም። ባትሪ መለወጥ ወይም ሌንስ መጥረግ ካስፈለገ ፈረሰኛው ከመንገድ ወጣ ብሎ፣ ፈረሱን አቁሞ፣ ወርዶ ያድርገው። የእንጅባራ አካባቢ ነዋሪ በደንብ እንደሚያውቀው ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ከባድ ተሽከርካሪ ይበዛበታል። አስፋልት ሲሻገሩ ወይም በዳሩ ሲጓዙ ካሜራውን ጭራሽ መርሳት ያስፈልጋል።

ጥሩ ቀረጻ የሚገኘው ራስን በዝግታ በማዞር ነው። ሰው በተፈጥሮው ወዲያና ወዲህ ቶሎ ቶሎ ይመለከታል፤ ዐይን ይህን ይለምደዋል፣ በቪዲዮ ሲታይ ግን ያዞራል። አንድን ነገር ማሳየት የፈለገ ፈረሰኛ ራሱን ቀስ ብሎ አዙሮ አምስት ሰከንድ ያህል ይቆይ። የዘንገና ሐይቅን ከዳር ሆኖ ለማሳየትም ቢሆን ፈረሱን አቁሞ በእርጋታ መመልከት እየጋለቡ ከማለፍ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

ትልቁ አደጋ ግን በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በሰው ልብ ውስጥ ያለው ነው። ካሜራ ሲበራ ብዙዎች ከወትሮው በላይ መጋለብ፣ ያልሞከሩትን ገደል ወይም ጅረት መሻገር ያምራቸዋል። አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንዲሉ፣ ካሜራም ያሳያል እንጂ ችሎታ አይጨምርም። ያለካሜራ የማይሞከር ነገር በካሜራ ፊት ሊሞከር አይገባም።

ብርድ፣ ዝናብና አቧራ

የካሜራ ባትሪ ብርድ አይወድም። በአዊ ደጋማ ወረዳዎች ማለዳ ወይም በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከፍታ ላይ በፈረስና በበቅሎ ሲጓዙ ባትሪው ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ያልቃል። መጠባበቂያውን በውስጥ ኪስ፣ ሰውነት አጠገብ መያዝ ኃይሉን ይጠብቃል። የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች በሆነበት ሌሊት ባትሪን ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል። መብራት በሌለበት አካባቢ ፓወር ባንክ ወይም የፀሐይ ኃይል ቻርጀር ይዞ መሄድ ግድ ይላል።

ካሜራን ከብርድ በቀጥታ እሳት ወደሚነድበት ቤት ማስገባት በሌንሱ ላይ ጤዛ ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውጭ ሳሉ በፌስታል ውስጥ አስገብቶ በደንብ መቋጠር፣ ቤት ከገቡ በኋላም ሙቀቱ እስኪላመድ ሳይፈቱ ማቆየት ነው። ጤዛው በፌስታሉ ላይ ይቀራል።

በክረምት የባትሪና የካርድ ክዳኑ በሚገባ መዘጋቱን ማረጋገጥ፣ ንጹሕና ለስላሳ ጨርቅም መያዝ ያስፈልጋል። በበጋ ደግሞ አቧራ የሌንስ ጠላት ነው። አቧራን በጋቢ ጫፍ መጥረግ መስተዋቱን ይጭረዋል፤ መጀመሪያ እፍ ብሎ ማራገፍ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይገባል።

ከቀረጻው የሚገኘው ትርፍ

ከኮርቻ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ከመዝናኛነት ያለፈ ጥቅም አለው። በምስሉ ግርጌ የሚታዩት የፈረሱ ጆሮዎች ሐሳቡን ይናገራሉ። ወደ ፊት የተቀሰሩ ጆሮዎች አንድ ነገር ትኩረቱን እንደሳበው፣ ወደ ኋላ የተለጠፉት ቁጣውን ወይም ሕመሙን፣ ወዲያና ወዲህ የሚሉት ደግሞ ስጋቱን ያመለክታሉ። ፈረስ ከመደንበሩ በፊት ጆሮው አስቀድሞ ይናገራል፤ በጉዞ ላይ ግን ፈረሰኛው አያስተውለውም። ማታ ቁጭ ብሎ ቀረጻውን ቀስ አድርጎ የሚመለከት ሰው ፈረሱ ምን እንደሚፈራ ይማራል፤ በቀጣዩ ቀንም ቀድሞ ይዘጋጃል። ወጣት ፈረሰኛን ለማስተማርም ይህ ጥሩ መንገድ ነው።

ያው ካሜራ ለፈረስ ጤናም ይረዳል። ፈረሱ ያነክስ እንደሆነ ለማየት ካሜራውን ከቁር ፈትቶ፣ ሌላ ሰው ፈረሱን በእጁ እየሳበ ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ በሶምሶማ ሲያስኬደው ከፊት ለፊት መቅረጽ ይቻላል። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲነካ ዝቅ ያደርጋል። ይህን በዝግታ መልሶ ማየት ለባለቤቱም ለእንስሳት ሐኪሙም ይጠቅማል። በጎርፍ የተቆረጠ መንገድን ወይም የተሰበረ የእንጨት ድልድይን ለቀበሌ ለማሳየትም ቀረጻው ከቃል ይልቅ ያስረዳል።

ቪዲዮውን በቴሌግራም ለሌላ ሰው ሲልኩ እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ጥራቱን ይጠብቃል።

የሰው ምስል የሰው ነው

በገጠር መንገድ የሚጓዝ ካሜራ ውኃ የሚቀዱ እናቶችን፣ ለቅሶ የተቀመጡ ቤተሰቦችን፣ በጓሯቸው ያሉ ሰዎችን ሳያስበው ይቀርጻል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። በሕዝብ ፊት የተከናወኑ ሥርዓቶችንና ሁነቶችን የሚመለከት ምስል ሲሆን ሕጉ የተለየ አስተያየት ያደርጋል። የፈረሰኞች በዓልን የመሰለ አደባባይ መቅረጽና በምንጭ ዳር ያለችን አንዲት ሴት ቀርጾ በቲክቶክ መልቀቅ አንድ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን የግል መረጃ በጥንቃቄ መያዝን የሚጠይቅ ነው።

ከሕጉ በፊት ግን ባህል አለ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍና በገበያ መካከል ካሜራን አጥፍቶ ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ያስከብራል። በፍተሻ ኬላዎችና በጸጥታ ተቋማት አካባቢም ካሜራው ተዘግቶ ከቁሩ ወርዶ ቢታይ አላስፈላጊ አለመግባባትን ያስቀራል።

ከወደቁ በኋላ

ሰው ከፈረስ ከወደቀ መጀመሪያ የሚታየው ሰውየው፣ ቀጥሎ ፈረሱ ነው። ራሱን ያመመው፣ ያስመለሰው ወይም ግራ የተጋባ ሰው ደኅና ነኝ ቢልም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ተመልሶም ኮርቻ ላይ አይውጣ። ምት የደረሰበት ቁር ከውጭ ምንም ባይታይበት እንኳ ውስጡ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል መተካት አለበት። ካርዱም ወጥቶ ይቀመጥ፤ ሌላ ቀረጻ አይደረግበት። አወዳደቁን የሚያሳየው ምስል ለሐኪሙ የትኛው የአካል ክፍል መሬት እንደነካ፣ ለፈረሰኛው ደግሞ አደጋው ከምን እንደተነሣ ይነግረዋል።